ለቢሮ ግሩፕ ቴሌግራም ወይስ ዋትስአፕ?

ወንድሜ፣ 15 ሰው ላለው ቢሮ የቱ ይሻላል ላልከው፣ እኔ ቴሌግራም እላለሁ። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ትልክበታለህ። አዲስ የተቀጠረ ሰውም የቆየውን መልእክት ወደ ላይ ሄዶ እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል።

"ቶፒክስ" የሚለውን ክፈትና ግዢን፣ ሽያጭን፣ ጨዋታን ለየብቻ አድርጋቸው። አለበለዚያ የደንበኛው ደረሰኝ "እንኳን አደረሳችሁ" በሚል ስቲከር ሥር ይቀበራል። የበዓል ሰሞንማ ጉድ ነው! ውሳኔ የተሰጠበት ነገር ካለ ከላይ እንዲታይ ፒን ይደረግ።

የደመወዝ ዝርዝርና የደንበኛ መታወቂያ ግን እዚያ አይለጠፍ። የቴሌግራም ግሩፕ መልእክት ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ እንደ ዋትስአፕ ላኪና ተቀባይ ብቻ እንዲያነቡት ሆኖ አልተቆለፈም። ሥራ የለቀቀውንም በዚያው ቀን አስወጣው።

አለቃህ ማታ 4 ሰዓት ላይ ስለሚልከው ትእዛዝ ደግሞ፣ ሚዩት አድርገህ ተኛ።