ተረኛው ሲዝል፦ ከጤና ባለሙያዎች የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ዙር የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከነርሶች፣ ከሐኪሞችና ከአንዲት የሐኪም ባለቤት የመጡ ናቸው። አሳጥረናቸዋል፤ ጠያቂውን የሚያስለይ ነገርም አውጥተናል።

ጥያቄ፦ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ድሮ በሽተኛ ሲሞትብኝ ተደብቄ አለቅስ ነበር። አሁን ወዲያው የማስበው አልጋው ለሚቀጥለው መቼ እንደሚደርስ ነው። ጨካኝ ሆኜ ነው ወይስ ድብርት ይዞኝ?

መልስ፦ ሲስተር፣ ጨካኝ ሰው ይህን ብሎ አይጠይቅም። የገለጹት ነገር በርንአውት ከሚባለው የሥራ ዝለት ሦስት መልኮች አንዱ ነው። አንደኛው ሥራ ሳይጀምሩ መድከም ነው፤ ሁለተኛው በሽተኛውን በስሙ ሳይሆን በአልጋ ቁጥሩ ማሰብ፤ ሦስተኛው የሚሠሩት ሁሉ ምንም የማይለውጥ መስሎ መታየት። ክሪስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት 22 ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ የሚመዝነው እነዚህኑ ሦስቱን ነው። የእርስዎ ሁለተኛው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች ምድቡ በርንአውትን በሽታ አላለውም። በአግባቡ ካልተያዘ የቆየ የሥራ ጫና የሚመጣና ሥራን ብቻ የሚመለከት ክስተት ብሎታል። ዝለቱ ከሥራው ከመጣ ደግሞ መፍትሔው መጀመሪያ የሚፈለገው ከፈረቃ ፕሮግራሙና በአንድ ነርስ እጅ ካሉት በሽተኞች ቁጥር ላይ ነው። ስለዚህ ኃላፊዎን የሚጠይቁት «ደክሞኛል» ብለው ሳይሆን ነገሩን ቆርጠው ይሁን፦ ለሦስት ወር ሞት ወደማይበዛበት ክፍል መዛወር፣ ወይም በአንድ ፈረቃ በሞት አፋፍ ካሉ ከሁለት በላይ በሽተኞች እንዳይመደቡልዎ።

ድብርት ግን በሽታ ነው፤ ሥራና ቤት አይለይም። ዕረፍት ወጥተው አንድ ሳምንት ካለፈ በኋላ የሚወዱት ነገር ደስ የሚልዎ ከሆነ ዝለቱ ያመዝናል። ዕረፍት ላይም ሆነው ምንም ካላስደሰተዎ፣ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ካለዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ ከጠፋና ይህ ሁሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ድብርት ይጠረጠራል። ሁለቱ አብረው መምጣትም ይችላሉ። ለበሽተኞች የሚያስሞሉትን ባለ 9 ጥያቄ የድብርት መለኪያ ቅጽ፣ ፒ ኤች ኪው ዘጠኝን፣ ለራስዎ ይሙሉት። ድምሩ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ይዩ። ዘጠነኛው፣ ስለ ሞት የሚጠይቀው፣ ከዜሮ ከፍ ካለ ድምሩ ምንም ይሁን ምን በዚያው ቀን ይሂዱ። የታይሮይድ ማነስና የደም ማነስም ተመሳሳይ ድካም ስለሚያመጡ ደምዎን ያስመርምሩ። ደግሞ ሐኪም ማየት ማለት ካርድ አውጥቶ መቀመጥ ነው። ኮሪደር ላይ ባልደረባን አስቁሞ «አንዴ ጻፍልኝ» ማለት ባለሙያዎች በበሽተኞቻቸው ላይ የማይፈጽሙት፣ በራሳቸው ላይ ግን ዘወትር የሚፈጽሙት ጥፋት ነው።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምማር ሐኪም) ነኝ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ዲዩቲ፣ ማለትም አዳር ተረኝነት፣ አለኝ፤ 24 ሰዓት ይባል እንጂ ራውንድ (በሽተኞችን እየዞሩ ማየት) ሲጨመር 28 ይደርሳል። ሌሊቱን በቡና ነው የምገፋው። ጠዋት መኪና እየነዳሁ ሁለቴ አሸልቦኝ ያውቃል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ዶክተር፣ ከመጨረሻው እንነሣ፤ ከዲዩቲ ወጥተው አይንዱ። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ጥናት ተለክቷል። እርስዎ የሚነዱት ከ28 ሰዓት በኋላ ነው። መስኮት መክፈትና ሬድዮ ማስጮህ እንቅልፍን አይመልሱም፤ ነቅቻለሁ የሚል ስሜት ብቻ ይሰጣሉ። የሚያደርስዎ ሰው ከሌለ ተረኛ ክፍሉ ውስጥ 20 ደቂቃ ተኝተው፣ ተነሥተው ሌላ 15 ደቂቃ ከቆዩ በኋላ ይውጡ። ይህ የመጨረሻው አማራጭ መሆኑን ግን አይርሱ።

አሁን ወደ ሌሊቱ። በቀኑ እንደምንም ብለው ከሰዓት በኋላ 90 ደቂቃ ይተኙ፤ ቀድሞ የተተኛ እንቅልፍ ሌሊት ከሚሰረቀው ይበልጣል። ሌሊት ፋታ ሲገኝ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቂ ነው። አንድ ሰዓት ግድም ተኝቶ የሚቀሰቀስ ሰው ከከባድ እንቅልፍ ስለሚነሣ አእምሮው ለጥቂት ጊዜ እንደ ሰከረ ይሆናል። አደጋው እዚህ ጋ ነው፦ ስልክ ይጮኻል፣ ተኝተው እንደ ሆኑ ጨለማ ውስጥ «አሥር ሚሊ ግራም ስጡት» ብለው መልሰው ይተኛሉ፣ ጠዋት ማለትዎን እንኳ አያስታውሱም። ስለዚህ ትእዛዝ ከመስጠትዎ በፊት ቁጭ ይበሉ፣ መብራት ያብሩ፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን ነርሷ መልሳ እንድታነብልዎ ያድርጉ። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ንቃት ከሁሉ ዝቅ ይላል። በዚያ ሰዓት የሕፃናት መድኃኒት መጠን ወይም ኢንሱሊን የሚሰላ ከሆነ ሁለት ሰው ለየብቻው ያስላው።

ቡናን በተመለከተ፣ ካፌይን ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ከጠጡት ግማሹ ደግሞ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ሰውነትዎ ውስጥ አለ። አንዴ ብዙ ከመጠጣት በየተወሰነ ሰዓት ጥቂት ጥቂት ይሻላል። ከ20 ደቂቃዋ ሸለብታ በፊት የተጠጣ ስኒ ሲነሡ ይደርስልዎታል። የመጨረሻው ስኒ ግን ቤት ገብተው ከሚተኙበት ሰዓት ቢያንስ 6 ሰዓት ይቅደም።

ቤት ሲገቡ ቀኑን ሙሉ አይተኙ፤ ከ90 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ተኝተው ይነሡና ማታ ቀደም ብለው ይግቡ። (ተከታታይ የሌሊት ፈረቃ ያለው ሰው ምክሩ ተቃራኒ ነው፤ እሱ ክፍሉን አጨልሞ ቀኑን ይተኛ።)

ይህ ሁሉ ግን የተበላሸ ፕሮግራምን መሸከሚያ እንጂ ማስተካከያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ በሚዘልቅ ፈረቃ የሚሠሩ ኢንተርኖች (ጀማሪ ተለማማጅ ሐኪሞች) ፈረቃው ካጠረላቸው ይልቅ 36 በመቶ የበለጠ ከባድ ስሕተት ሠርተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በየ24 ሰዓቱ 11 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት፣ በሳምንትም በአማካይ ከ48 ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ይላል። ከክፍሉ ጋር ሲነጋገሩ እነዚህን ይዘው ይግቡ። «እኛም እንዲሁ ነው ያለፍነው» የሚል ሲኒየር ይገጥምዎታል፤ አልፎ ይሆናል፣ በሽተኞቹ ሁሉ በሕይወት መውጣታቸውን ግን የመዘገበ የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ፈረቃ ሲያጥር በተረኞች መካከል የበሽተኞች ርክክብ ይበዛል፣ ርክክብ ሲበዛም መረጃ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ርክክቡም አብሮ ሊስተካከል ይገባል፦ በሽተኛው ምን ያህል ጠንቷል፣ ታሪኩ ባጭሩ፣ የቀረ ሥራ፣ «እንዲህ ቢሆን ይህን አድርግ»፣ በመጨረሻም ተረካቢው የሰማውን መልሶ ይናገራል። ይህ አካሄድ በዘጠኝ ሆስፒታሎች ተሞክሮ የሕክምና ስሕተትን በ23 በመቶ ቀንሷል። ሁሉም የሚዘለው የመጨረሻውን ነው። ለአስረካቢው አእምሮ ዕረፍት የሚሰጠው ደግሞ እሱ ነው፤ ነገሩ እንደተሰማ ያወቀ ሰው ከቤቱ እየደወለ «ፖታሲየሙ ታየ?» አይልም።

ጥያቄ፦ የዋርድ ኃላፊ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሕፃን ላይ 40 ደቂቃ ሪሰሲቴሽን (የቆመ ልብና ትንፋሽን ለመመለስ የሚደረግ ሙከራ) ተሠርቶ አልተሳካም። ሁሉንም ሠራተኛ ሰብስቤ በሥነ ልቦና ባለሙያ ፊት የተሰማቸውን እንዲናገሩ ላድርግ?

መልስ፦ አያስገድዱ። ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ ሰውን አንዴ ሰብስቦ ዝርዝሩን ማናገር በኋላ የሚመጣውን የሥነ ልቦና ጉዳት እንደማይከላከል በተደጋጋሚ ታይቷል፤ በአንዳንዶችም ላይ አባብሶታል። ስለዚህ ለዚህኛው ቡድን ባለሙያውን ያስመጡ፣ በሩ ግን ለፈለገ ብቻ ይከፈት።

ለሚቀጥለው ጊዜ ግን ነገሩ ከመድረሱ በፊት ይዘጋጁ። ሪሰሲቴሽኑ በቆመበት ቅጽበት መሪው «አንድ ደቂቃ ዝም እንበል» ይበል። ይህ ሰዎቹ ከሥራው ወደ ሐዘኑ የሚሻገሩባት ጊዜ ናት፤ ቡድኑ ሳይበተን ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚያ ፈረቃው ሳያልቅ ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ ስብሰባ፦ ምን ሆነ፣ ምን ጥሩ ሄደ፣ የትኛው ዕቃ ጠፋ ወይም ዘገየ፣ አሁን ቤቱ መሄድ ያለበት ማን ነው። «ምን ተሰማህ» እዚህ አይጠየቅም፤ ተጠያቂም አይፈለግም። ለቤተሰቡ መርዶ የነገረው ሰው ወዲያው ወደ ሌላ በሽተኛ አይላክ፤ ቢያንስ 15 ደቂቃ ተተኪ ይያዝለት።

በሦስተኛው ቀን እያንዳንዱን ለየብቻ «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ፣ በሁለተኛው ሳምንት ይድገሙት። ትዕይንቱ እየተመለሰ የሚያስጨንቀው፣ ያንን ክፍል የሚሸሽ ወይም በትንሽ ድምፅ የሚደነግጥ ሰው ወር ካለፈውም እንዲሁ ከሆነ ወደ አእምሮ ሐኪም ይላክ። ስም ዝርዝር ሲይዙ ደም ያጠበችውን የጽዳት ሠራተኛ፣ ኦክስጅን ተሸክሞ የሮጠውን ሠራተኛና ጥግ ቆሞ ያየውን ተማሪ ይጨምሩ። እነዚህ ሦስቱ ሁልጊዜ ይረሳሉ።

ጥያቄ፦ ለአንድ በሽተኛ ሞርፊን 1.0 ብዬ ጻፍኩ፤ 10 ተብሎ ተነቦ ተሰጠው። የሞርፊን ማርከሻ የሆነው ናሎክሶን ተሰጥቶት ተረፈ። እኔ ግን ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ እያንዳንዱን ትእዛዝ አምስት ጊዜ አየዋለሁ። ሥራውን ልተው እያሰብኩ ነው።

መልስ፦ አልበርት ዉ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2000 ለዚህ ስም አውጥተውለታል፦ «ሁለተኛው ተጎጂ»። የመጀመሪያው በሽተኛው ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ይጀመር። የሆነው ነገር በግልጽ ቋንቋ ተነግሮት ይቅርታ ካልተጠየቀ ሲኒየሩን ይዘው አሁንም ይንገሩት። ካርዱን ተመልሰው አያስተካክሉ፤ የተረሳ ካለ የዛሬን ቀን ጽፈው ይጨምሩ። ከዚያ ሪፖርት ያስገቡ፤ ስሕተቱ እንዲስተካከል የሚያደርገው ጸጸትዎ ሳይሆን ሪፖርቱ ነውና። የችግሩ ሥር አንዲት ነጥብ ናት። ከሙሉ ቁጥር በኋላ ነጥብና ዜሮ አይጻፍም፤ ከአንድ በታች ሲሆን ደግሞ ዜሮዋ ከነጥቡ ትቀድማለች። 1 እንጂ 1.0 አይባልም፤ 0.5 እንጂ .5 አይባልም። ዩኒት የሚለውን በአንድ ፊደል (U) ማሳጠርም እንዲሁ ዜሮ መስሎ ይነበባል። ይህ ደንብ በዋርዱ እንዲለጠፍ ማስደረግ እርስዎን ከማንም ምክር በላይ ያሳርፍዎታል።

ሁለት ጊዜ ማየት ጥንቃቄ ነው፤ አምስት ጊዜ ጭንቀት ነው። አንድ የሚያምኑት ባልደረባ ለሁለት ሳምንት ሁለተኛውን ዕይታ ይውሰድልዎ፣ ከዚያ ያቁም። ሥራ የመልቀቅ ውሳኔ ግን እንቅልፍ በሌለበት ሳምንት አይወሰንም።

ጥያቄ፦ ሜዲካል ዳይሬክተር ነኝ። ለሠራተኞች ደኅንነት ብለን ሐሙስ ሐሙስ ዮጋ ጀመርን። ሦስት ሰው ነው የሚመጣው። ለምን?

መልስ፦ የሚተካቸው ስለሌለ። ዮጋው ለጊዜው ይቆይና አንድ ሳምንት እነዚህን ይቁጠሩ፦ ፈረቃ በሰዓቱ የወጣው ስንቱ ነው? ዲዩቲ ላይ ተቀምጦ የበላው ስንቱ ነው? ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ስንት ቀን ነው? አንድ ነርስ ጓንትና ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ፍለጋ ስንት ደቂቃ ትዞራለች? አንድ መረጃ ስንት ቅጽ ላይ ይጻፋል? በተመላላሽ ሕክምና ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ሐኪሞች ከበሽተኛ ጋር ለሚያሳልፉት ለእያንዳንዱ ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል በመዝገብና በጠረጴዛ ሥራ እንደሚያጠፉ አሳይቷል። ከቆጠሩት ውስጥ ከሁሉ የሚያማርረውን አንዱን ይምረጡ፣ በስድስት ሳምንት ያስተካክሉ፣ መስተካከሉንም በግልጽ ይንገሩ። የምሳ ተተኪ ነርስ መመደብ ብዙ ጊዜ ጥሩ ጅማሬ ነው።

ጥያቄ፦ የማደንዘዣ ባለሙያ የሆነ ባልደረባዬ ሰሞኑን «ባልነቃ ይሻለኝ ነበር» አለኝ። ብጠይቀው ራስን የማጥፋት ሐሳብ አመጣበታለሁ ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ ይጠይቁት፣ ዛሬ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። ለብቻችሁ ሆናችሁ፣ ሳያለሳልሱ፦ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ይበሉት። አዎ ካለ አይከራከሩት፣ አይምከሩት፣ ብቻውን አይተዉት፣ ምሥጢር እጠብቃለሁ ብለውም ቃል አይግቡ። በዚያው ቀን ወደ አእምሮ ሐኪም ወይም ወደ ድንገተኛ ክፍል አብረውት ይሂዱ፤ እንዳይታይ ከፈራ ከሚሠራበት ተቋም ውጭ ይሁን። በሙያው ምክንያት አደገኛ መድኃኒት እጁ ላይ ስላለ፣ የመድኃኒት ቁልፍ የማይዝበት ሥራ ላይ እንዲቆይ ከክፍሉ ኃላፊ ጋር ይነጋገሩ፤ ይህን እንደሚያደርጉም ለራሱ ይንገሩት። በነጋታው ይደውሉለት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሐኪም ነው። ከሥራ ሲመጣ ዝም ይላል። «ምን ሆነህ ነው?» ስለው «ምንም»።

መልስ፦ በር ላይ አይጠይቁት። ገብቶ ልብስ እስኪቀይርና እስኪታጠብ ግማሽ ሰዓት ይስጡት። ከዚያም «ምን ሆንክ» ሳይሆን «ልስማህ ወይስ ዝም ብለን እንቀመጥ?» ይበሉት። የበሽተኛ ምሥጢር ስላለበት ዝርዝሩን ሊነግርዎ አይችልም፤ «ከባድ ቀን ነበር» ካለ መልስ ሰጥቶዎታል። ዝምታው በዕረፍት ቀኑም ከቀጠለ፣ ወይም ለመተኛት ክኒን ወይም መጠጥ ከጀመረ፣ ለመጀመሪያዋ ጠያቂ የሰጠነውን መልስ አብራችሁ አንብቡት።