ቪትዝሽ ነዳጅ ከበላች ኢንጀክተር ከመቀየርሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የ2007 ቪትዝ ናት። 1.3 ሞተር፣ አውቶማቲክ። አዳማ ውስጥ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ትመላለሻለሽ። ድሮ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው አሁን 9 ላይ ወርዳለች። የጎረቤትሽ ደግሞ 16 ትሄዳለች። መካኒኩ «ኢንጀክተሩ (ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ዕቃ) ካልተቀየረ አይሆንም» ብሎ የጠራልሽ ዋጋ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

እኔ እዚሁ አዳማ በቪትዝ ነው እንጀራ የምበላው። በኮንትራት ሰው አመላልሳለሁ። ከገቢዬ ላይ ትልቁን የሚወስደው ነዳጅ ስለሆነ ጉዳዩን በቅርብ እከታተለዋለሁ። ምክሬ፣ ኢንጀክተሩን ገና አታስነኪ። መጀመሪያ በደንብ ለኪ። ከዚያ ርካሹን ነገር ፈትሺ።

9 የሚለውን ቁጥር እንዴት አገኘሽው? የተወሰነ ብር ቀድተሽ የነዳጅ መብራቱ እስኪበራ ቆጥረሽ ከሆነ አይታመንም። መብራቱ መኪናዋ ዳገት ወይም ቁልቁለት ላይ ስትሆን ቀድሞም ዘግይቶም ይበራል። ትክክለኛው አለካክ ይሄ ነው። ማደያ ሄደሽ ፉል አስሞይ። የመቅጃው ሽጉጥ ራሱ ቀጭ ብሎ ሲያቆም ይበቃል፣ ቀጂው እንዳይጨምርበት ንገሪው። የጉዞ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን (ትሪፕ የሚባለውን) ዜሮ አድርጊ። ቢያንስ ግማሽ ታንከር እስኪያልቅ እንደወትሮሽ ንጂ። ተመልሰሽ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ማሽን ላይ እንደገና ፉል አስሞይና የገባውን ሊትር ጻፊ። 318 ኪሎ ሜትር ሄደሽ 27 ሊትር ከገባ፣ በሊትር 11.8 ማለት ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመሽ አማካዩን ያዢ። በቴሌብር ስትከፍዪ ብሩ ተመዝግቦ ይቀራል፣ ሊትሩን ግን ከማሽኑ ላይ ራስሽ መጻፍ አለብሽ። ነዳጅ ጠፍቶ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተሸጠ ቤንዚን ቀድተሽ ከሆነ ያን ዙር አትቁጠሪው። ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም።

ጎማም ቁጥሩን ያሳስታል። ብዙ ሰው ቪትዝ ከፍ እንድትልለት ከ165/70 ወደ 175/70 ይቀይራል። ትልቁ ጎማ አንዴ ሲዞር ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ ቆጣሪው ግን አያውቅም። ልዩነቱ ከመቶ 2 ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ መኪናዋ ከምታሳይሽ ትንሽ የተሻለች ልትሆን ትችላለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሞተሩን ስታስነሺ ዳሽቦርዱ ላይ ሰማያዊ የሙቀት መብራት ይበራል አይደል? ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ማለት ነው። ስንት ደቂቃ ቆይቶ ነው የሚጠፋው? ለአዳማ መኪና ከሁሉም በፊት የምጠይቀው ይሄንን ነው። ጤነኛ ቪትዝ በዚህ በእኛ ሙቀት ጥቂት ደቂቃ ከተነዳች ያጠፋዋለች። ያንቺ ሥራ ቦታ እስክትደርሺ የሚበራ ከሆነ፣ ወይም ጠፍቶ ቁልቁለት ላይ ተመልሶ የሚበራ ከሆነ፣ ቴርሞስታቱ ወይ ክፍት ሆኖ ቀርቷል ወይ ጭራሽ የለም።

የለም ስል የምሬን ነው። እዚህ አካባቢ «ሙቀት ስለሆነ ሞተር እንዳይቀቀል» ተብሎ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው። የእኔንም መኪና ስገዛት አንድ ጋራዥ አውጥቶት ኖሯል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ ትንሽ በር ነው። ከሌለ ውሃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ይዞራል፣ ሞተሩም በቶሎ አይሞቅም። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ስለሚያምን ቤንዚን ይጨምራል። ያንቺ መንገድ አጭር ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ትደርሺያለሽ፣ ታጠፊያለሽ፣ ማታ እንደገና ከቀዝቃዛ ትጀምሪያለሽ። ቀኑን ሙሉ ትርፍ ቤንዚን ትከፍያለሽ ማለት ነው። እኔ አዲስ ካስገባሁ በኋላ በሊትር ከ10 ትንሽ ከፍ ይል የነበረው 12 አለፈ። ሌላ የነካሁት ነገር አልነበረም።

ቴርሞስታቱ ካለ ደግሞ አስወጥተሽ ቤት ውስጥ መሞከር ትችያለሽ። አብዛኛው የቶዮታ ቴርሞስታት ላይ 82 የሚል ቁጥር ተመትቷል፣ በዚያ ዲግሪ መከፈት ይጀምራል ማለት ነው። በክር አንጠልጥለሽ ውሃ የያዘ ድስት ውስጥ ክተቺውና እሳት ላይ ጣጂው። ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ ድፍን ብሎ መዘጋት አለበት። ሊፈላ ሲቃረብ መሃሉ ላይ ያለችው ክብ ሳህን ቀስ እያለች ትነሳለች። አዳማ ላይ ውሃ 100 ሳይደርስ ወደ 95 አካባቢ ይፈላል፣ ለዚህ ሙከራ ግን በቂ ነው። ከመጀመሪያው ተከፍቶ ካገኘሽው አስቀይሪው። ከኢንጀክተር ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው። ሞተርሽ ቴርሞስታት ኖሮት ከልክ በላይ የሚሞቅ ከሆነ ችግሩ ራዲያተሩ ወይም ፋኑ ነው፣ እሱ ይሠራ።

ቀጥሎ ፍሬን። ብዙ ፍሬን ሳትይዢ ትንሽ ነድተሽ ቁሚና እጅሽን ወደ አራቱም ቸርኬ አስጠጊ። እንዳትነኪው፣ ያቃጥላል። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚግል ከሆነ ፍሬኑ ይዞ አልለቅ ብሏል። በአዳማ አቧራ ይሄ ብርቅ አይደለም። የእጅ ፍሬን ገመድም ይነክሳል፣ ያኔ የኋላው ጎማ ይግላል። ፍሬን እንደያዘ የሚሄድ መኪና ነዳጅ መብላቱ ብቻ አይደለም፣ አደጋም ነው። ይሄን አታሳድሪው።

የቼክ ኢንጅን መብራትሽንም እዪ። ቁልፉን ከፍተሽ ሞተሩን ሳታስነሺ መብራት አለበት፣ ሲነሳ ይጠፋል። ጭራሽ የማይበራ ከሆነ ሻጩ አምፖሉን ነቅሎት ሊሆን ይችላል፣ ይሄም አለ። ሞተሩ ተነስቶም ካልጠፋ በስካነር አስነብቢ። ኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው) ሲበላሽ የነዳጁ ልክ ይዛባና ፍጆታው በጣም ሊጨምር ይችላል። ኢንጀክተርም የሚጠረጠረው ከዚህ ንባብ በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ይታጠባል።

የጎማ ንፋስ ጠዋት ሳትነጂ ይለካ። የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ያለው የጃፓኖች ስቲከር በኪሎ ፓስካል ስለሆነ ጎሚስታው ጋር ላትግባቡ ትችላላችሁ። 230 የሚል ከሆነ 2.3 ባር ወይም 33 ፒኤስአይ ነው። ቀትር ላይ ነድተሽ ደርሰሽ ካስለካሽ የሞቀው ጎማ ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ጎሚስታው ደግሞ ያስተነፍስልሻል። ከንፋሱ የምታገኚው የነዳጅ ልዩነት ግን ትልቅ አይደለም።

«የአየር ፊልትሮ ቀይሪ» የሚሉሽ ይኖራሉ። ከቆሸሸ ቀይሪው፣ ለሞተሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን ባለ ኢንጀክተር መኪና ላይ የደፈነ ፊልትሮ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ነዳጅ አያስበላም፣ ኮምፒውተሩ እንደገባው አየር ቤንዚኑን ይመጥናል። ያ ምክር ከካርቡራተር ዘመን የመጣ ነው።

ስለ ጎረቤትሽ 16 ደግሞ። በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ከሆነ ከእሱ ጋር ራስሽን አታወዳድሪ። ሞተሩ አንዴ ሞቆ፣ ሳይቆም በአንድ ፍጥነት ይሄዳል። አንቺ ባጃጅ መሃል ትቆሚያለሽ፣ ትነሻለሽ። ማደያ ወረፋ ላይ ኤሲ ከፍተሽ ስትቆሚ ደግሞ ኪሎ ሜትሩ ዜሮ ነው፣ ቤንዚኑ ግን ይቃጠላል። እሱም ቢሆን የደርሶ መልሱን አማካይ ይንገርሽ። ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲመለስ ይወርዳል። የመመለሻውን ብቻ ከነገረሽ ልክ አይደለም። በ120 ከመንዳት ይልቅ በ90 ቢነዳም ብዙ ይቆጥባል፣ የአየሩ ግፊት በ120 ወደ እጥፍ ይጠጋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። «ቁልቁለት ላይ ኒውትራል አድርጊ፣ ነዳጅ ይቆጥባል» የሚልሽን አትስሚ። ማርሹ ዲ ላይ እንዳለ እግርሽን ከነዳጅ ስታነሺ ኢንጀክተሩ ቤንዚኑን ይዘጋል፣ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ኒውትራል ስታደርጊ ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን ይፈልጋል፣ አንቺ ደግሞ በፍሬን ብቻ ቀርተሻል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል መያዝ ያቆማል።

ነገ ጠዋት ሞተሩን ስታስነሺ ሰዓት ያዢና ሰማያዊው መብራት በስንት ደቂቃ እንደጠፋ ጻፊልኝ። ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደሚፈተሽ እነግርሻለሁ።