ጥያቄና መልስ፦ ጀግናህ ከማን ጋር ይጠመዳል?

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም በሚና ጨዋታ ውስጥ ራሳችሁ ስለፈጠራችኋቸው ካራክተሮች ናቸው። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጣል፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ሚና ይይዛሉ፣ ይሆናል አይሆንም የሚያሰኘው ነገር ሁሉ ፊቶቹ ላይ ቁጥር ባለበት መጣያ፣ በዳይስ፣ ይቆረጣል። አሜሪካኖቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ካወጡ ወዲህ ጨዋታው ብዙ ዓይነት ሆኗል። እኔ ከታች ቁጥር ስጠቅስ በዚያው ጨዋታ አምስተኛ እትም ደንብ ነው።

ከደብረ ማርቆስ። አንድ ተማሪ የዓባይ በረሃ ሽፍታ ፈጥሯል። ሽፍታው በአንድ ተራ ሦስት ጊዜ ይመታል፣ ቁስሉም በራሱ ጊዜ ይሽራል። ጓደኞቹ በዛ ቢሉት፣ «ሰባት ዓመት በረሃ ስለኖረ ይገባዋል» ብሎ ተከራከረ። ማን ልክ ነው ይላል።

ጓደኞችህ ልክ ናቸው። ሰባት ዓመት በረሃ መኖሩ ሰውየው እንዴት እንደበረታ ይነግረናል፤ የብርታቱን ዋጋ ግን አይከፍልልህም። ነገ አንዱ ጓደኛህ «የኔው አሥራ አራት ዓመት ኖሯል፤ ስድስት ጊዜ ይምታ» ቢልህ ምን ትመልስለታለህ?

እስኪ በቁጥር እንየው። ባለ 8 ፊት ዳይስ በአማካይ 4.5 ይሰጣል። የጉልበት ጭማሪ 3 ሲታከልበት አንድ ምት 7.5 ይሆናል። አንተ ሦስቴ ስትመታ 22.5፣ አጠገብህ ያለው አንዴ ሲመታ 7.5 ነው። 45 የሕይወት ነጥብ ያለው ዘንዶ ቢመጣ፣ ምታችሁ ሁሉ ቢያገኘው፣ አንተ በሁለት ተራ ትጥለዋለህ፤ እሱ ብቻውን ስድስት ተራ ይፈጅበታል። ጨዋታ መሪው ይህን አይቶ ዝም አይልም፤ ላንተ እንዲመጥን ዘንዶውን 90 ያደርገዋል። አሁን አንተ አራት ተራ፣ ጓደኛህ አሥራ ሁለት። ያንተን ብርታት ዕዳ የከፈለው እሱ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ተራው ሲደርስ ስልኩን እየነካካ «እ? እኔ ነኝ እንዴ?» ቢል አትፍረድበት።

እኔ ያደግሁት ቢቸና አካባቢ ነው። እዚያ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ፣ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ ያርሳል። አንድ ዓመት ጎረቤታችን ትልቁን ሰንጋውን ካባቴ ወይፈን ጋር ጠመደው። ሰንጋው ቀድሞ ይሄዳል፣ ቀንበሩ ይንጋደዳል፣ ትልሙ ወደ አንድ ወገን ይጎብጣል። በሦስተኛው ቀን የወይፈናችን ጫንቃ ተላጠ፤ ደሙ ላይ ዝንብ ሰፈረበት፣ አባቴ ቅቤ ሲቀባው ቆዳው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰንጋው ምንም አልሆነም፤ ጥፋትም አልነበረበትም። ስለዚህ ሰው የፈጠረውን ካራክተር ሲያሳየኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ከማን ጋር እንደሚጠመድ ነው።

ሽፍታህን አትጣለው። ሦስት ምቱን ከወደድከው ያዘው፤ ግን እያንዳንዱ ምት በባለ 4 ፊት ዳይስ ይሁን፣ የጉልበት ጭማሪም ይቅርበት። የአንዱ አማካይ 2.5፣ የሦስቱ 7.5፤ ከጓደኛህ ጋር እኩል መጣህ። ለሚያይህ ሰው ግን ያው እጁ የማይታይ ፈጣን ሽፍታ ነህ። ሦስቱም አንድ ላይ የመሳታቸው ዕድል ትንሽ ስለሆነ ባዶ እጅህን የምትመለስበት ተራም ይቀንስልሃል፤ ይህች ጥቅም ትበቃሃለች። ቁስሉም ይሽር፤ ግን በራሱ አይሁን፤ አንድ ሙሉ ተራ ቁጭ ብሎ ያስታምመው።

ከዳንግላ። «ስድስቱንም ችሎታ 15 ማድረግ እችላለሁ?»

አትችልም። እንደ ጉልበት ያሉት ስድስቱ የካራክተር ችሎታዎች ሁሉም ከ8 ይጀምራሉ፤ እነሱን ለማሳደግ ያለህ 27 ነጥብ ነው፣ አንዱ 15 ደግሞ 9 ነጥብ ይወስዳል፤ ሦስቱን 15 ካደረግህ ቀሪዎቹ ሦስቱ 8 ላይ ይቀራሉ።

ከፍኖተ ሰላም። አንዲት እኅትና ወንድሟ ችሎታቸውን በነጥብ ከመግዛት ይልቅ በዳይስ አወጡ። ወንድሟ 17 እና 16 ደረሰው፤ የእሷ ትልቁ ቁጥር 12 ነው። «ዕድልሽ ነው፣ ተቀበይ» ይሏታል።

ዕድል ለአንድ ምት ሲሆን ደስ ይላል፤ ለስድስት ወር ሲሆን ግን ቅጣት ነው። ሦስት ባለ 6 ፊት ዳይስ ሲጣል አማካዩ 10.5 ነው፤ 18 የሚመጣው ከ216 አንዴ ነው። ብዙዎች አራት ጥለው ትንሹን ሳይቆጥሩ ይተዋሉ፤ ያኔ አማካዩ ወደ 12.2 ከፍ ይላል፤ በተጫዋቾች መካከል ያለው ልዩነት ግን አይጠፋም። ዳይስ መጣሉን ከወደዳችሁት አንድ መላ አለ። ስድስቱን ቁጥር ሁላችሁም ተራ በተራ ጥላችሁ አውጡ፤ የወጡትን ስድስት ቁጥሮች ግን ሁላችሁም ተጠቀሙባቸው፣ እያንዳንዱ ለፈለገው ችሎታ ይደልድላቸው። ካልሆነ ደንቡ ያዘጋጀው የቁጥሮች ዝርዝር አለ፦ 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10፣ 8። ስሌቱን ማጥራት ከፈለግሽ የሒሳብ መምህር ጠይቂ።

ከደጀን። አንድ አንባቢ የሚጫወቱበት ደንብ ድክመት ለሚመርጥ ካራክተር ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣል። እሱም «ባሕር ይፈራል» ብሎ ጽፎ አራት ነጥብ ወሰደ። ታሪኩ ያለው ጎጃም ውስጥ ነው። መሪው ነጥቡን ሊነጥቀው ነው።

ይንጠቅህ። ጠረጴዛው ላይ የማይመጣ ድክመት ድክመት አይደለም። ግን መፍራቱን አትተወው፤ ከባሕር ወደ ትልቅ ወንዝ አዙረው። ጎጃም በምሥራቅም በደቡብም በምዕራብም ዓባይ የዞረው አገር ነው፤ ወደ ሸዋ ልሂድ ያለ ሰው ካንተው ከደጀን ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ሳይሻገር አይሆንለትም። ጓደኞችህ ድልድዩን አልፈው እየጠበቁህ አንተ ከወዲህ ማዶ እግርህ አልላወስ ሲል፣ ያኔ ነጥቡ ሐቅህ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ነጥቡን አስቀድሞ አለመክፈል ነው። ድክመቱ በእውነት ባጠቃህ ቁጥር መሪው አንድ ዳይስ ደግመህ የመጣል መብት ይስጥህ፤ ፍርሃቱን ሸሽገህ የምታልፍ ሳይሆን ፈልገህ የምታመጣው ትሆናለህ።

ከሞጣ። አንዲት ልጅ የቅኔ ተማሪ ፈጥራለች። ስንኝ በተናገረ ቁጥር ጠላት ይፈዛል፣ በር ይከፈታል፣ ንጉሥ ይምራል። መሪው «ሁሉን ቻይ ሆነ» ብሎ ከለከላት፤ እሷም አዝናለች።

መከልከሉ ልክ ነው፤ ሐሳብሽን ግን እንዳይጥለው እኔም እለምነዋለሁ። ከውጭ የመጡት ደንቦች በአስማተኛ የተሞሉ ናቸው። ጎጃም ያደገ ልጅ የሚያውቀው ኃይል ግን ሌላ ነው፤ ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በዱላው ውሻ እየመከተ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የሚውል ልጅ፣ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር የሚሰማ ኃይል ነው። ይህ ካራክተር እንዲጠፋ አልፈልግም።

ሁሉን ቻይ ያደረገው ወሰን ማጣቱ ነው። ወሰኑን ከራሱ ከቅኔው ውሰጂ። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ስለዚህ ስንኙን ስትናገሪ ሰሙ ስለ ሌላ ነገር ይሁን፤ ወርቁ ግን አሁን ስለገጠማችሁ ነገር። ወርቁ ለጠረጴዛው ሰው ከገባው፣ ባለ 20 ፊት ዳይስ ሁለት ጥለሽ የሚሻለውን ትወስጃለሽ። 11 እና ከዚያ በላይ በሚያስፈልግበት ቦታ ዕድልሽ ከ50 በመቶ ወደ 75 ይወጣል፤ 20 ብቻ በሚያስፈልግበት ግን ከ5 ወደ 9.75 ብቻ ነው። እንግዲህ ቅኔው የሚቻለውን ያቀላል፤ የማይቻለውን ግን አይከፍትም። ንጉሡን ለምኖ ማስማር እንጂ ማዘዝ ቀረ።

ደረጃው ሲያድግስ? እሱም ከቅኔው ቤት፣ ማለትም ከስንኙ መስመር፣ ቁጥር ይምጣ። ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ ዘአምላኪየ ሦስት፣ መወድስ ስምንት። ጀማሪው በሁለት ቤት ራሱን ብቻ ይርዳ፤ በሦስት ቤት አንድ ጓደኛውን ይጨምር፤ ስምንት ቤት የደረሰው ጓዶቹን ሁሉ ያግዝ፣ ነገር ግን ቅኔውን እስኪጨርስ ሁለት ተራ ሌላ ምንም አይሥራ። እነዚያን ሁለት ተራዎች ሌሎቹ ከፊቱ ቆመው ይጠብቁታል፤ እነሱም ሥራ አገኙ። አንድ ጊዜ የተነገረ ቅኔ ተመልሶ አይነገርምና ስንኝሽንም አትድገሚው፤ ይህ ብቻውን ከማንኛውም ገደብ ይበልጣል። ግዕዝ አይጠበቅብሽም፣ በአማርኛ ይሁን፤ እዚያው መፍጠር ከከበደሽ እቤትሽ ሁለት ሦስት ቅኔ አዘጋጅተሽ ነይ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንሻለሁ። ካራክተሩን ጠረጴዛ ላይ ከማውጣትሽ በፊት የቅኔ መምህር ዘንድ ሂጂ። የቅኔ ትምህርት ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት አገር ተቀምጠሽ የቅኔ ተማሪን በወሬ ብቻ እንድትስይው አልፈልግም። ስኳርና ቡና ያዢ፣ ያሰብሽውን ሳትደብቂ ንገሪያቸው። የቱ ለጨዋታ እንደሚሆን፣ የቱ ጸሎት ስለሆነ ከጨዋታ ውጭ እንደሚቀር ከእሳቸው ስሚ። አይሆንም ያሉሽን አትንኪው፤ እኔ ከላይ ያልኩት ውስጥ ቢኖርበትም የእሳቸው ቃል ይብለጥ።

ከባሕር ዳር። ደንቡን ወደ አማርኛ ተርጉሞ ማባዛት ይፈቀዳል ወይ?

የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ደንብ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል፤ ምንጩን ጠቅሰህ መተርጎምም፣ ማባዛትም፣ መሸጥም ትችላለህ። ፈቃዱ ለዚያ ሰነድ ብቻ እንጂ በየመጽሐፉ ላለው ሁሉ አይደለም። ልትሸጥ ካሰብክ ሕግ አዋቂ ያንብብልህ። ስትተረጉም ደግሞ እባክህ በጠረጴዛ ዙሪያ በሚነገረው አማርኛ ይሁን።

ከቡሬ። ጨዋታ የሚመሩ መምህር ናቸው። በታሪኩ ውስጥ መንደር ሲቃጠል አንዱ ተጫዋች ዝም ይላል፤ ባለፈው ጊዜ ውሃ ልጠጣ ብሎ ወጥቶ አልተመለሰም። «ካራክተሩ ደካማ ስለሆነ ይመስለኛል፤ ጥቂት ላጠንክርለት?» ይላሉ።

መምህር፣ ይህ የቁጥር ነገር አይመስለኝም። ካራክተሩን አይንኩት። በሚቀጥለው ጊዜ ቃጠሎውን ከታሪኩ ያውጡት፤ ለምን እንደወጣ በሰው ፊት አያብራሩ። ከዚያ ለብቻው፣ ቡና እየጠጣችሁ፣ «የትኛው ነገር ይቅርልህ?» ብለው ብቻ ይጠይቁት፤ ምን እንዳየ እንዲተርክልዎ አይጠይቁት። እንቅልፍ የሚያጣ፣ በቅዠት የሚባንን፣ በትንሽ ድምፅ የሚደነግጥ ከሆነና ሳምንታት ካለፉት፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል ይሂድ። ይህን ለይስሙላ አልጻፍኩትም። «ሂድ» ብለው አይተዉት፤ ቀኑን ይያዙለት፣ አብረውት ይሂዱ፣ ወረፋው ላይ አጠገቡ ይቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ ቦታው እንደሚጠብቀውም ይንገሩት።

ከዚያው ከቡሬ። ባለ 20 ፊት ዳይስ ገበያ ላይ አጣን።

ከ1 እስከ 20 በእኩል ቁራጭ ወረቀት ጻፉ፣ እኩል አጥፋችሁ ኩባያ ውስጥ ክተቱ፣ በደንብ አንቀጥቅጡ። ያወጣችሁትን በየጊዜው መልሱት፤ ካልመለሳችሁት ሃያውን ያወጣው ሰው ለሌላው አስቀረበት።