ሃቫና አንድ ቀን ብቻ ካለህ፣ አሮጌዋን መኪና ለማታ አቆያት

«አሮጌውን ከተማ በእግር ልዙር ወይስ በኮንትራት መኪና?» ላልከው፣ በእግር። ካቴድራሉና ፕላዛ ቪዬሃ የሚባለው አሮጌ አደባባይ ያሉበት ሰፈር አብዛኛው ለመኪና ዝግ ነው። ጠዋት ብትይዝ ሾፌሩ ዳር ላይ አውርዶህ ይጠብቅሃል፣ ሂሳቡ ግን ይቆጥራል።

መኪናውን ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ያዝ። ካፒቶሊዮ ከሚባለው ባለ ጉልላት ሕንፃ አጠገብ ወዳለው ፓርኬ ሴንትራል መናፈሻ ሂድ፣ ጣሪያቸው የተከፈተ የ1950ዎቹ ሼቭሮሌቶች ተደርድረው ታገኛለህ። ከዚያ፦

1. መጀመሪያ አብዮት አደባባይ።
2. በቬዳዶ ሰፈር አድርገህ ማሌኮን፣ የባሕሩን ዳር ይዞ የሚሄደው መንገድ። ቀስ ብሎ እንዲነዳ ንገረው። ማዕበል ሲኖር ውሃው ግንቡን ዘሎ አስፋልቱ ላይ ይፈሳል፣ ጨው ጨው የሚል ንፋስ ፊትህን ይመታሃል፣ እኔ ከጉዞው ሁሉ እስካሁን የማስታውሰው እሱን ነው።
3. በወሽመጡ ስር ባለው ዋሻ ተሻግረህ ኤል ሞሮ ምሽግ። ፀሐይ ከተማዋ ላይ ስትጠልቅ ከዚያ ማየት ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ዋጋው ለመኪናው ይሁን ለሰው፣ በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ፣ ለስንት ሰዓት እንደሆነ ሳትገባ ወረቀት ላይ አስጽፈው። እኛ ሦስት ሆነን በጣት ምልክት ተስማማን፣ ስንወርድ «ለያንዳንዳችሁ ነው» ተባልንና እጥፍ ሦስት ከፈልን። ሞተሩንም አስነስቶ ያሳይህ፣ ብዙዎቹ በናፍጣ ሞተር ስለተቀየሩ ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው ጭሱ ይከብዳል።