ናይት ሞድ አብርቼም እንቅልፍ እምቢ አለኝ ላልከው

ናይት ሞድ የስልክህን ቀለም ቢጫ ያደርጋል፤ ያ ብቻውን ግን አይበቃም። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የምታፈጠው ድምቀቱን ስላልነካኸው ይሆናል። ናይት ሞድ እንቅልፍ የሚያባርረውን ሰማያዊ ብርሃን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

ዛሬ ማታ ይህን ሞክር፦

1. ከራት በኋላ የስልኩን ድምቀት እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገው።
2. የጣሪያውን ነጭ ኤልኢዲ አጥፋና ቢጫ አምፖል ያለው ትንሽ መብራት አብራ። ሰው ሁሉ ስልኩን ይወቅሳል፤ አናቱ ላይ የሚያበራውን ግን ማንም አያየውም።
3. ጠዋት እንደነቃህ ውጣና ፀሐይ ሙቅ። የሰውነት ሰዓት በዋናነት የሚስተካከለው በጠዋት ብርሃን ነው።

ዓይናችን ውስጥ ከማየት ይልቅ ቀንና ሌሊትን ለመለየት የሚሠሩ ሴሎች አሉ። በተለይ የሞገድ ርዝመቱ 480 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ሰማያዊ ብርሃን ያነቃቸዋል። ያኔ አንጎል «ገና አልመሸም» ብሎ ሰውነትን ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ያዘገያል።

አንድ ነገር ግን ከእኔ ተማር። ሰማያዊ ብርሃን የሚከለክል ብርቱካንማ መነጽር ገዝቼ፣ እሱን ተማምኜ አልጋ ላይ አጫጭር ቪዲዮ ሳሳድድ አነጋ ነበር። መነጽሩ ብርሃኑን እንጂ «ይቺን ብቻ ልይ» የሚለውን አመሌን አልከለከለልኝም። አሁን ስልኬ ሳሎን ቻርጅ ላይ ያድራል፤ የሚቀሰቅሰኝ የጠረጴዛ ሰዓት ነው።