የቮልስ የፊት መስታወት ኒኬል በካቻቢቴ አይወጣም

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል ቮልስ አለኝ፤ ሙሉ ቀለም ላስቀባው ነው። በፊት መስታወቱ ዙሪያ ያለውን ኒኬል (የሚያብረቀርቀውን ጌጥ) በካቻቢቴ ልፈነቅል ስል ጫፉ ተጣመመ፣ መስታወቱን የያዘው ጎሚኒም ተሰነጠቀ። ከመስታወቱ ስር በሾፌሩ ጥግ ቀለሙ አብጧል፤ ዝናብ ሲሆን ምንጣፉ ይረጥባል። ቀድሞ የቀባው ሰው ጎሚኒውን ዙሪያውን ሲሊኮን ለጥፎበታል። ኒኬሉን ሳላበላሽ እንዴት ላውጣው?

መልስ፦ ካቻቢቴውን አስቀምጡት። ያበጠ ቀለም፣ የረጠበ ምንጣፍና ሲሊኮን አንድ ላይ ከተገኙ ከጎሚኒው ስር ያለው ላሜራ ዝጓል ማለት ነው። ስለዚህ መውጣት ያለበት መስታወቱ ከነጎሚኒው ነው፤ ኒኬሉ እግረ መንገዱን ይወጣል። ጎሚኒውን በፕላስተር ሸፍኖ መቀባት እዚህ አያዋጣም፤ ዝገቱ ቀለሙን ከስር ገፍቶ ያነሳዋል።

ኒኬሉ ለምን እንደተጣመመ ልንገርዎት። ጎሚኒው ሦስት ቦይ አለው። አንዱ መስታወቱን፣ ሁለተኛው የላሜራውን ጠርዝ ይነክሳል፤ በውጭ በኩል ያለው ሦስተኛው የኒኬሉ ነው። ኒኬሉ ለጌጥ ብቻ የገባ አይደለም። ቦዩ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ገብቶ አንዱን ከንፈር ወደ መስታወቱ፣ ሌላውን ወደ ላሜራው ይገፋል፤ ውሃ የሚከለክለው ይህ ግፊት ነው። ጎሚኒው ለስላሳ ሳለ ኒኬሉን ይለቃል። ዓመታት ፀሐይ ሲመታው ግን ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ከንፈሩም የኒኬሉን እግር ቆልፎ ይይዛል። ያኔ ሲፈነቅሉት ጎሚኒው አይለጠጥም፤ ኒኬሉ ደግሞ ለስላሳ አሉሚኒየም ስለሆነ እሱ ይታጠፋል። ጎሚኒው ሲኮማተር ማዕዘኖቹ ላይ ክፍተት ይፈጠራል፤ ውሃ በዚያ ይገባል። በላዩ የተለጠፈው ሲሊኮን የገባውን ውሃ መውጫ አሳጥቶ ላሜራው ላይ ያስቀረዋል። ሲሊኮን የቀባልዎት ሰው ፍሳሹን አልደፈነም፣ ዝገቱን አፋጥኗል። ከዚያም አልፎ ቅሪቱ ካልጸዳ አዲሱ ቀለም አይይዝም፤ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል።

መጀመሪያ ከኋላ ወንበር ስር ያለውን ባትሪ ኔጌቲቩን ይፍቱ። የዝናብ መጥረጊያዎቹን ያውልቁ። አሮጌውን ጎሚኒ ለማዳን አይሞክሩ። ጓንትና መነጽር አድርገው ካተሩን መስታወቱ ላይ አጋድመው በመስታወቱና በኒኬሉ መካከል ያለውን ከንፈር ዙሪያውን ይቁረጡ። ኒኬሉ ሁለት ቁራጭ ነው፤ መጋጠሚያውን የምትሸፍነውን ትንሽ ቆርቆሮ አንሸራትተው ያውጡና ከዚያ ጀምረው በእጅ፣ በየጥቂት ሴንቲሜትሩ እያላቀቁ ያንሱት። በፒንሳ አይጎትቱ። የወጣውን ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ያስሩት። በኮስቲክ ሶዳ አይጠቡት፤ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። መስታወቱን አንድ ሰው ከውስጥ ከላይኛው ማዕዘን ቀስ ብሎ ይግፋ፣ ሌላው ውጭ ሆኖ ይቀበል። ጠርዙን ብረት አያስነኩት፤ ከጠርዙ ከተመታ ሙሉው ሊረግፍ ይችላል።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። የቮልስ ሳልባትዮ (የቤንዚን ታንከሩ) ከፊት ኮፈኑ ስር፣ ከመስታወቱ እልፍ ብሎ ነው ያለው። ታችኛው ጥግ በዝገት ከተበላ ባትላሜራው (የመኪና ላሜራ ሠራተኛው) ሊበይደው ይገባል። ሳልባትዮው ከመኪናው ወጥቶ ከግቢው ራቅ ብሎ ካልተቀመጠ ብየዳም ግራይንደርም አይነሳ። ቤንዚኑን ቀድቶ ባዶውን እዚያው መተው አይበቃም፤ ባዶው ውስጥ የቀረው ጋዝ ከሞላው ይበልጥ አደገኛ ነው።

ዝገቱን እስከ ንጹሕ ብረት ይፋቁ። የተበላው ላሜራ ተቆርጦ ይቀየር፤ ቀዳዳውን በስቱኮ (ደርቆ በሚጠነክር መሙያ) መድፈን የተለመደ ማጭበርበር ነው። ጠርዙ ላይ ስቱኮ ከወፈረ ጎሚኒው አይቀመጥም፣ መስታወቱ ሲገባም ስቱኮው ይሰነጠቃል። አንቲረስት (ዝገት መከላከያ)፣ ከዚያ ቀጭን ቀለም ይበቃዋል። በአየር የሚደርቅ ቀለም ከሆነ መስታወቱ ከመመለሱ በፊት አንድ ሳምንት ይስጡት።

ጎሚኒ ሲገዙ የኒኬል ቦይ ያለውን ይጠይቁ፤ ቦይ የሌለውም ይሸጣል። እ.ኤ.አ. ከ1965 ሞዴል ጀምሮ መስታወቱ ስለተለቀ የቀደሙት ሞዴሎች ጎሚኒ ለእርስዎ አይሆንም። ርካሾቹ ማዕዘናቸው በማስቲሽ የተጣበቀ፣ ቦያቸው ጥልቀት የሌለው ነው፤ ኒኬሉን አይዙም። እዚያው ሱቁ ውስጥ አጥፈው ይዩት፤ ታጥፎ ስንጥቅ ካሳየ ይመልሱት።

ሲመልሱ ቅደም ተከተሉ አይዛባ። ጎሚኒውን ብርድ ልብስ ላይ ለመስታወቱ ያልብሱ፤ ኒኬሉን በሳሙና ውሃ አርጥበው ያኔውኑ ያስገቡ። ጎሚኒው ላሜራው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ቦዩ ስለሚጠብ ኒኬሉ እንቢ ይላል። ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው 4 ሜትር ሲባጎ በላሜራው ቦይ ዙሪያ ያስገቡ፤ ጫፎቹ ከታች መሐል ላይ ተደራርበው ወደ ውስጥ ይውጡ። አንድ ሰው ከውጭ በመዳፉ ይጫን፣ እርስዎ ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያሉ ይሳቡ፤ ከንፈሩ ጠርዙን እየተሻገረ ይገባል። ሲያልቅ ውሃ ያፍስሱበት፤ የሚያንጠባጥብ ካለ ማዕዘኑ አልተቀመጠም ማለት ነውና ያንኑ ጥግ በሲባጎ ደግመው ይሳቡ፣ ሲሊኮን አያስነኩት። ሳልባትዮው የሚመለሰው የመጨረሻው ብየዳ ካለቀና ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው።