መልስ፦ ሌሊቱን ሙሉ ማንበብ ያዋጣል ወይ?

ወንድሜ፣ «ማትሪክ ሦስት ሳምንት ቀረው፤ ጫት ይዤ እያነጋሁ ባጠና ይሻላል ወይ?» ላልከው፣ እባክህ አታድርገው። ያነበብከው አእምሮህ ውስጥ የሚጸናው ስትተኛ ነው። እኔም ጅማ፣ ሄርማታ ተከራይቼ ስማር አንግቼ ፈተና ገብቼ የማውቀው የፊዚክስ ቀመር ድርግም ብሎ ጠፋብኝ።

የረዳኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ምዕራፍ አንብቤ ደብተሩን እዘጋና የማስታውሰውን ባዶ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ከፍቼ የዘለልኩትን በቀይ እስክርቢቶ እሞላለሁ። በማግስቱ ቀዩን ብቻ፣ ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና። ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 እንዳሳየው፣ ያልተከለሰ ነገር ቶሎ ይረሳል።

የድሮ ፈተናዎችን ሰዓት ይዘህ ሥራ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ከጓደኛህ ጋር በቃል ተጠያየቁ።